የዓሣ መርዶ

ዓሣ ሞቶም ያፈጥጣል። ይህን ማንም አልነገረኝም። ሰው ሲሞት ዓይኑን ይከድኑለታል፤ ዓሣ ግን፣ እናንተዬ፣ ሞቶም በሕይወት እያለ ሲያየኝ እንደነበረው አድርጎ ነው የሚያየኝ። ስለዚህ ሻምበል የሞተ ዕለት መሞቱን ሳላውቅ "እንዴት አደርክ?" ብዬዋለሁ። ዝም ቢለኝም ቅር አላለኝም፤ ደህና በነበረበት ጊዜም አይመልስልኝም ነበር። ቁርሴን በልቼ ስመለስ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፍፎ አገኘሁት። በስመ አብ! እዚያው ወለሉ ላይ ዘጭ አልኩ።

"ለአንድ ዓሣ ይህን ያህል?" ትሉኝ ይሆናል። እስኪ ቆዩኝ። ሻምበል የኔ አልነበረም፣ አደራ ነው። ያውም የኦቦ ገመቹ አደራ። ኦቦ ገመቹ ደግሞ የሃዊ አባት ናቸው፤ ሃዊ ማለት በዚያው ሳምንት እሁድ ሽማግሌ ልልክባት ያሰብኳት ልጅ ናት። "ልጅዎን ለልጃችን" ብለው ሊጠይቁልኝ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አሳጥበው በሚጠባበቁበት ሰዓት፣ እኔ የሰውየውን ዓሣ ገድዬ ወለል ላይ ተቀምጫለሁ። ከዚህ የባሰ ድንጋጤ ያለ አይመስለኝም ነበር። አለ፤ እነግራችኋለሁ።

ኦቦ ገመቹ ዕድሜያቸውን በጅቡቲ መንገድ ላይ የጨረሱ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። አሁን መኪናውን ለልጃቸው ለለሚ አስረክበው ጡረታ ወጥተዋል። ድምፃቸው ግን ጡረታ አልወጣም፤ "ደህና አደርክ?" ሲሉኝ "መንገድ ልቀቅ!" ያሉኝ እየመሰለኝ ጥግ እይዛለሁ። ቤት መዋል ሲሰለቻቸው አንድ የድሮ ወዳጃቸው ከአዲስ አበባ ዓሣ አመጣላቸው፤ በዚያው ለከፋቸው። ሳሎናቸው መሀል ትልቅ አኳሪየም ተተከለ፣ ቴሌቪዥኑ ወደ ጥግ ተገፋ፣ ሶፋው ፊቱን ወደ ዓሦቹ አዞረ። ቢጫ አሉ፣ ሰማያዊ አሉ። የሁሉም አለቃ፣ ግዙፉና ኩሩው ግን ጎኑ ላይ እንደ ማዕረግ የተደረደሩ ጥቋቁር መስመሮች ስላሉት "ሻምበል" ተባለ። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ፣ "እኔን በሙሽርነቴ እንዲህ አፍጥጦ አላየኝም" ይላሉ።

ታዲያ ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጣባቸውና ሻምበልና የሶፋው ትራስ ተመሳሰሉባቸው። ሐኪሙ አዲስ አበባ ሄደው ይገፈፍልዎ አላቸው። አዴ ጫልቱና ሃዊ አብረዋቸው ሊሄዱ ነው፣ ለሚ እንደ ልማዱ መንገድ ላይ ነው፤ ዓሦቹን ማን ይጠብቅ? ሃዊ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ለየትኛው በሽታ ምን እንደሚታዘዝ ታውቃለች። "አባዬ፣ እሱ ይጠብቅልህ" አለቻቸው ወደ እኔ እያመለከተች። አባት ልጁን ከመስጠቱ በፊት ሰውየውን የሚፈትንበት ነገር ያስፈልገዋል፤ እነሆ ፈተናው በራሱ ጊዜ ከነመስታወቱ መጣልኝ።

ኦቦ ገመቹ በዚያ በደፈረሰ ዓይናቸው አዩኝ ማለት ይከብዳል፤ ወደ እኔ አቅጣጫ ዞሩ። "ስማ ጉርባ፣ አንተ ልጅ" አሉኝ። "ምግብ ቆንጠር አድርገህ ትጥላለህ። ውሃ ሲቀንስ ከበርሜል፣ ካደረ ውሃ ትሞላለህ። ሌላ ምንም ነገር አትነካም። አደራ!"

"ኧረ ምን ችግር አለው ጋሼ!" አልኩ። "ሌላ ምንም ነገር አትነካም" የምትለዋን ያዙልኝ፤ እኔ አልያዝኳትም።

ዓሦቹ በባልዲ፣ መስታወቱ በጋሪ ቤቴ ገቡ። አሁን ስለ ራሴ ጥቂት ላውራ፤ ያለዚያ የሠራሁት ነገር እብደት ብቻ ይመስላችኋል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ሥራዬ እንከን ፍለጋ ነው። ሸሚዝ ይመጣል፣ ገልበጥ አደርገዋለሁ፣ የላላች ክር አገኛለሁ፣ እመልሰዋለሁ። ይህ አመል ከፋብሪካው ግቢ ስወጣ አብሮኝ ይወጣል። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እንኳ ከፊቴ የቆመውን ሰው የኮሌታ ስፌት ነው የምመረምረው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

በዚያ ላይ የአዳማ ልጅ ነኝ። ጥርሴን ያየ ሰው የት እንዳደግኩ አይጠይቀኝም። የኛን ውሃ የማያውቅ ካለ ላስተዋውቀው፦ ሳሙና አረፋ አያወጣበትም። ባቄላ ብትቀቅሉበት ከሰሉ ያልቃል እንጂ ባቄላው አይበስልም። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ድንጋይ ይጋግራል። ብርጭቆ አጥባችሁ ብትደፉት ነጠብጣብ ይዞ ይነሳል። ፀጉር ሲነቃቀል ውሃው ነው፣ ወገብ ሲያም ውሃው ነው፣ ልጅ ፈተና ሲወድቅም "ምን ያድርግ፣ ውሃው ነው" ያለ ወላጅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጥርሳችንማ ከመተሐራ እስከ ዝዋይ አንድ ማኅተም ነው፤ ሻይ የነካው ይመስላል። እኔ ስስቅ አፌን በእጄ እሸፍናለሁ። ሃዊ አትሸፍንም፤ እሷ ስትስቅ ሰፈሩ ያያል። እንዲያውም አንድ ቀን ፍቅር ሲያጣድፈኝ፣ "ከሰርጋችን በፊት አዲስ አበባ እወስድሽና ጥርስሽን አስነጣልሻለሁ" አልኳት። አፏን ገጠም አድርጋ "እናያለን" አለችኝ። ደስታው ነው ዝም ያሰኛት ብዬ እያፏጨሁ ቤቴ ገባሁ።

እንግዲህ በመጀመሪያው ቀን አኳሪየሙን ሸሚዝ በማይበት ዓይን አየሁት። መስታወቱ ላይ፣ ውሃው በሚያልቅበት ልክ፣ ዙሪያውን ነጭ መስመር ጋግሯል። ደነገጥኩ! ያው የማንቆርቆሪያችን ድንጋይ ነው። እነዚህ ምስኪኖች ቀንና ሌሊት የሚተነፍሱት ይህንን ነው ማለት ነው። እኛስ ሲብስብን ለስላሳ እንጠጣለን፤ እነሱ ምን ይዋጣቸው? ኦቦ ገመቹ ዓይናቸው በሞራ ስለተሸፈነ አላዩትም እንጂ ቢያዩት እሺ አይሉም ነበር ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አድኜ፣ አጥርቼ፣ አሳምሬ ልጠብቃቸው። ሲመለሱ "እንዲህ ያለ አማች!" ሊሉኝ ነው።

ወደ ሐጂ ሰይድ ሱቅ ሄድኩ። ሐጂ ከወሎ መጥተው እኛ ሰፈር የሸበቱ ነጋዴ ናቸው፤ እሁድ ከሚላኩት ሽማግሌዎቼም አንዱ እሳቸው ናቸው። የታሸገ ውሃ በእሽግ በእሽግ አውጡልኝ አልኳቸው።

"እንግዳ መጣብህ እንዴ?"

"ለዓሦቹ ነው፣ ሐጂ።"

"ለማን?"

"ለኦቦ ገመቹ ዓሦች።"

"ያ ረቢ!" አሉ ከወንበራቸው እየተነሱ። "እኔ ይሄው እዚህ ተቀምጬ ስሸጠው የምጠጣው የቧንቧ ነው! ዓሣ ከመቼ ወዲህ ነው ውሃ የሚያማርጠው?"

"የዚህ አገር ውሃ ለሰውም አልሆነ እኮ!"

"አንተ አድገህበት የለም እንዴ?"

"እድገቴን ይኸው እያዩት!" አልኳቸው ጥርሴን ገልጬ። ሐጂ አንድ ጊዜ አዩኝና ውሃውን አወጡልኝ።

የአኳሪየሙን ውሃ እስከ ወገቡ ቀድቼ ጓሮ ካለው ፓፓያ ሥር ደፋሁና በታሸገው ሞላሁት። ዓሦቹ ወዲያ ወዲህ መሯሯጥ ጀመሩ። የደስታ ሩጫ መሰለኝና አጨበጨብኩላቸው። በማግስቱ ግን ሁሉም ክንፋቸውን አጥፈው ከታች ተኮልኩለው አገኘኋቸው። ጤነኛ ጭንቅላት ያለው ሰው እዚህ ላይ "አንድ ነገር አጥፍቻለሁ" ይላል። እኔ "ውሃው ገና አልጠራም" አልኩ።

ከሰማይ ከወረደ ውሃ የበለጠ ንጹሕ ምን አለ? የዝናብ ውሃ! ነገር ግን አዳማ ላይ ዝናብ መጠበቅ ማለት ምን እንደሆነ አዳማ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ደመናው ይመጣል፣ ያስፈራራል፣ አቧራችንን አንስቶ ፊታችን ላይ በትኖ ወደ አርሲ ይሄዳል። አንድ ከሰዓት ግን እውነትም ዘነበ፤ ያውም በረዶ ቀላቅሎ። ሳህን፣ ድስት፣ የልብስ መዘፍዘፊያ፣ ያለኝን ዕቃ ሁሉ ይዤ ወጣሁ። በረዶው አናቴን ሲደበድበኝ አንዱን ድስት ራሴ ላይ ደፋሁት። ጎረቤቶቼ በየመስኮቱ ቆመው ድስት ያጠለቀ ሰው ከአሸንዳ አሸንዳ እየሮጠ ዝናብ ሲለምን አዩ። አንዷ ጎረቤቴ "ወይ የሰው ልጅ! ሊያገባ ነው አላላችሁኝም?" ስትል ሰምቻታለሁ። ይሁን። ለሃዊ ሲባል የማይሆን ነገር የለም።

የሰበሰብኩትን በነጠላ አጥልዬ ጨመርኩ። ሻምበል በማግስቱ መስመሮቹ ደብዘዝ አሉበት። ደግሞ በማግስቱ አንደኛው መስመር ጨርሶ ጠፋ። እናንተዬ፣ ዓሣው ማዕረጉን እየተገፈፈ ነው! መብላትም ተወ። ቢጫዎቹ ደግሞ ነጭ ወደ መሆን ሄዱ። በዚህ መሀል ሃዊ ደወለች።

"አባዬ ታክሞ ወጣ። ዓይኑ ገና እንደታሸገ ነው። 'ሲፈታልኝ መጀመሪያ ማየት የምፈልገው ሻምበልን ነው' ይላል። እንዴት ናቸው?"

"እነሱማ አምሮባቸዋል!" አልኩ። "ሰላም ይሉሻል።"

"ምንም አልነካህም አይደል?"

"ምን እነካለሁ!" አልኩ፤ በዚያች ደቂቃ እጄ እስከ ክርኔ ውሃው ውስጥ ነበር።

ስልኩን እንደዘጋሁ አዲስ አበባ ትዝ አለኝ። አዲስ አበቤዎች ጥርሳቸው ነጭ ነው። ጥርሳቸው ነጭ የሆነው በውሃቸው ነው። ስለዚህ መፍትሔው የአዲስ አበባ ውሃ ነው! አያችሁ፣ ሰው ሲሳሳትም እንዲህ ደረጃ በደረጃ ነው። በዕረፍት ቀኔ ሄጄ ከእንጦጦ ሥር ካለ ምንጭ ጀሪካን ሙሉ ቀድቼ ተመለስኩ። ኬላው ላይ ፈታሹ ጀሪካኑን ነካ አደረገ።

"ምንድነው?"

"ውሃ።"

"ከአዲስ አበባ አዳማ ድረስ ውሃ? አረቄ ነው በለኛ።"

"ለዓሣ ነው።"

"አሃ፣ ለዓሣ!" አለና ሚኒባሱን በሙሉ አስወረደ። "በል ጠጣ።" ጠጣሁ። "ድገም።" ደገምኩ። እግሬ መንገዳገድ አለመንገዳገዱን አስፓልቱ ላይ አስሄዶ እስኪያረጋግጥ ድረስ ተሳፋሪው ፀሐይ ላይ ቆሞ እኔን ይራገማል። አንዲት እናት ግን "ልጆቼ ተዉት፣ ጸበል ሊሆን ይችላል" ብለው አዝነው ተከራከሩልኝ። ጸበልም ቢሆን ለሻምበል አልሠራለትም። የእንጦጦው ውሃ በገባ ማግስት ጎኑን ዘንበል አድርጎ መተኛት ጀመረ።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ታላቁን ጥበብ ያፈለቅሁት። ሻይ ላፈላ ማንቆርቆሪያዬን ሳነሳ ነጩ ድንጋይ ታየኝ። እኛ ቤት ይህ ድንጋይ ሲጠነክር ምን ይደረጋል? ሎሚ ተጨምቆ ይፈላበታል፤ ሟሙቶ ይወጣል። እናቴም ያደረገችው፣ የሰፈሩም ሴት ሁሉ የሚያደርገው ነው። ለካ ችግሩ ያ ነው! ውሃውን ብቀይርም ድንጋዩ መስታወቱ ላይ፣ አሸዋው ውስጥ እንዳለ ነው። ገበያ ሄጄ ጥሩ ጥሩ ሎሚ መርጬ መጣሁ፤ ፍሬው እንዳይገባባቸው እንኳ ተጠንቅቄ በማጥለያ ጨመቅሁላቸው። የዚያን ዕለት ማታ ቤቴ ጥሩ ሽታ ሸተተ። ጠዋት ሻምበል አፍጥጦ ጠበቀኝ፤ ቀሪውን ታውቁታላችሁ።

ራሴን ይዤ ሐጂ ሰይድ ጋ ሮጥኩ። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሎሚው ላይ ስደርስ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"ሎሚማ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ከተጠበሰ በኋላ ነው የሚጨመረው።"

"ሐጂ፣ አይቀልዱብኝ! ዛሬ ማታ ይገባሉ፤ ነገ ጠዋት ዓሦቹን ሊወስዱ ይመጣሉ። ምን ልበላቸው? ደውዬ ልንገራቸው?"

በዚህ መሀል ሁለተኛው ሽማግሌዬ ጋሽ ታደሰ ሱቁ በር ላይ ደረሱ። ጋሽ ታደሰ የዕድራችን ሊቀመንበር ናቸው፤ በዚህ ሰፈር መርዶ ያለ እሳቸው ተነግሮ አያውቅም። ነገሩን ሰምተው ፊታቸው ጠቆረ። "በስልክ?" አሉ። "መርዶ በስልክ? የት ያደግህ ልጅ ነህ? መርዶ ሥርዓት አለው። ሰውየው ገና ከሕክምና መውጣታቸው ነው፤ ብቻቸውን ቢሰሙ አንድ ነገር ቢሆኑስ? በማለዳ፣ ሰው ሳይወጣ፣ ተሰባስበን ሄደን፣ አረጋግተን ነው የምንነግራቸው።" እኔ በዚያ ሰዓት የሚደግፈኝ ካገኘሁ ቤንዚን ጠጣ ቢሉኝም እጠጣለሁ። እሺ አልኩ። ሐጂም "እሱስ ልክ ነው፣ ወግ ነው" አሉ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ቆመን፣ አንዳችንም "ኧረ ዓሣ ነው" አላልንም።

ጎህ ሲቀድ ሦስታችንም ጋቢ ተከናንበን የኦቦ ገመቹን በር አንኳኳን። በሩን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ተፈትቶላቸዋል፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ጥርት አድርገው ለማየት በቅተዋል። ያዩት ደግሞ በማለዳ፣ ጋቢ ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ የዕድር ሊቀመንበር አስቀድሞ የመጣ ሰው ነው።

በዚህ አገር ይህን አይቶ "እንዴት አደራችሁ" የሚል የለም። ልጃቸው ለሚ ከትናንት በስቲያ ጭነት ይዞ ወደ ጅቡቲ ወጥቷል። ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ኦቦ ገመቹ" አሉ ጋሽ ታደሰ በዚያ ስንቱን ቤት ባስለቀሰው ለስላሳ ድምፃቸው፣ "እስኪ ይቀመጡ።"

ምነው "ይቀመጡ" ባላሉ!

"ማሊ? ምንድነው?" አሉ ኦቦ ገመቹ በሩን ይዘው። "ለሚ ነው? ልጄ ነው?"

ጋሽ ታደሰ ሲጀምሩ ካልጨረሱ አያቆሙም፤ ሥርዓታቸው ነው። "የሰጠ ይነሳል። እኛ ሁላችንም መንገደኞች ነን" አሉ። መንገደኛ! ለሾፌር አባት! ኦቦ ገመቹ ያን የሚያክል ሰውነታቸውን ይዘው ወለሉ ላይ ወደቁ። ከውስጥ አዴ ጫልቱ "ያ ዋቃ! አምላኬ! ልጄን! ልጄን!" እያሉ ደረታቸውን እየመቱ ወጡ። እኔ ደርቄ ቀረሁ። የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ደግሞ እንደ ክፉ አጋጣሚ ጎረቤታቸው ነው፤ ጩኸቱን ሲሰማ ማንም ሳያዘው ከነጥሩምባው ብቅ አለና ነፋው። ኧረ በማርያም! ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ነጠላው ተዘቅዝቋል፣ ሴቶች "ወይኔ ለሚ! ወይኔ አንበሳው!" እያሉ ግቢውን ሞሉት። ከኋላ የድንኳን ብረት ሲንኳኳ ይሰማኛል።

በመጨረሻ አግዳሚ ወንበር ላይ ወጥቼ ባለ በሌለ ኃይሌ ጮህኩ። "ዓሣው ነው! የሞተው ዓሣው ነው!"

የሰማኝ የለም። አንዲት አልቃሽ ብቻ ቀና ብላ አየችኝና "ምስኪን፣ ሐዘኑ አእምሮውን ነካው" ብላ ወደ ልቅሶዋ ተመለሰች። ያልጮኸች ብቸኛ ሰው ሃዊ ናት። ፊቷ ነጭ ሆኖ፣ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል፣ ስልኳን አውጥታ ደወለች፤ ድምፁንም ከፍ አደረገችው።

"ሄሎ?" አለ የለሚ ድምፅ፣ እንቅልፍ እንደያዘው። "ሃዊ? ምን ሆናችሁ በጠዋት? ሚሌ አድሬ ገና አሁን መነሳቴ ነው።"

አዴ ጫልቱ ልቅሷቸውን መሀል ላይ ቆርጠው እልል አሉ። ኦቦ ገመቹ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው "ኢልመ ኮ! ልጄ!" ብቻ ይላሉ፤ እንባቸው ከዚያ ገና ከታከመው ዓይናቸው ይወርዳል። እኔም አለቀስኩ። እውነቴን ነው፤ ያን ያህል አፍሬ አላውቅም፣ ያን ያህልም ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ሁሉም ሰው ወደ እኔ ዞረ።

"ታዲያ ማነው የሞተው?" አሉ ኦቦ ገመቹ።

"ሻምበል" አልኩ ወንበሩ ላይ እንደቆምኩ።

ከዘራቸውን አነሱ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ምንም ሳይመጣብኝ ሲቀር ገለጥ አደረግኩ፤ ከዘራውን መልሰው ተደግፈውበታል። "ልጄ ይቆይልኝ እንጂ" አሉ፣ "ዓሣ ይሙት።" ከዚያ ሳቁ። ልቅሶ የመጣው ሕዝብም ሳቀ፤ ጥሩምባ ነፊው ብቻ ተቀይሞ ሄደ። አዴ ጫልቱ ቤታቸው የገባ ሰው ሳይበላ እንዲወጣ ስለማይፈቅዱ ጨጨብሳ ቀረበ። ሁሉም በልቶ ልቡ ሲመለስ፣ ሐጂ ሰይድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ምን ሊሉ ይሆን ብዬ ሰቀቀን ያዘኝ።

"ኦቦ ገመቹ፣ እሁድ ልንመለስ ነበር፤ ከመጣን አይቀር ግን፣ ወላሂ ሁለት ጊዜ ከምናስደነግጥዎ አሁኑኑ ልንገርዎ። ልጅዎን ሃዊን ለዚህ ልጅ ብለን ነው።"

ያነሳሁትን ጨጨብሳ መልሼ አስቀመጥኩ። የሰውየውን ዓሣ ገድዬ፣ ልጃቸውን በቁሙ አርድቼ፣ ልጅ እየተጠየቀልኝ ነው! ኦቦ ገመቹ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። አሁን በአቅጣጫ አይደለም፣ አዩኝ። "መጀመሪያ የቀሩትን ዓሦቼን ልይ" አሉና ተነሱ።

ቤቴ ገብተን አኳሪየሙ ፊት ቆሙ። ዓሦቹ ከታች ተለጥፈዋል። ኦቦ ገመቹ ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ቀመሱት። ፊታቸው ተጨማደደ፤ ደግመው ቀመሱት። "ሎሚ?" አሉ። ያደረግሁትን ሁሉ ተናገርኩ። የታሸገውን። ዝናቡን። እንጦጦን። በእያንዳንዱ ከዘራቸው ወለሉን ይመታል።

"የባትሪ ውሃ!" አሉ በመጨረሻ፣ መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ። "ማዕድን የሌለበት የባትሪ ውሃ ነው ያጠጣኻቸው! እነዚህ ዓሦች ዘራቸው ድንጋያማ ሐይቅ ውስጥ ነው። ይሄ አንተ የምትንቀው የኛ ውሃ አገራቸው ነው! ያ ወዳጄ ለምን ያመጣልኝ ይመስልሃል? አዲስ አበባ በለስላሳው ውሃ እያለቁበት እኮ ነው! እዚህ መጥተው ነው ነፍስ የዘሩት፣ እዚህ ነው የወለዱት!"

ውሃ ሆንኩ። የነጭ ጥርስ አገር ውሃ ነው ብዬ፣ በጀሪካን ተሸክሜ፣ ኬላ ላይ ሰክረሃል ተብዬ፣ ሄጄ ያመጣሁት ዓሦቹ የሸሹትን ነገር ነው። ያ መስታወቱ ላይ ያየሁት ነጭ መስመር ዓሦቹ ደህና የሚኖሩበት ምልክት ነበር። እኔ እንከን ብዬ መዘገብኩት።

"ከበርሜል፣ ካደረ የቧንቧ ውሃ" አሉኝ ኦቦ ገመቹ፣ "በጣሳ፣ ቀስ እያልክ ትመልሳለህ። በአንዴ ከገለበጥክባቸው ይሞታሉ። ለሽማግሌዎችህ ቀጠሮ ሰጥቻቸዋለሁ። ቀጠሮው እነዚህ ሲድኑ ነው።"

ሃዊ ከአባቷ ኋላ ቆማ ነበር። እኔ ቀና ብዬ ላያት አልደፈርኩም።

ከዚያ በኋላ ከሥራ እየሮጥኩ እገባለሁ፣ ጣሳ እጨምራለሁ፣ እቀመጣለሁ። ሌላ ነገር ላለመንካት እጄን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ። ከባዱ ሥራ ይሄ ነው፤ ለእንከን ፈላጊ ሰው እጁን ኪሱ ከመክተት የበለጠ ቅጣት የለም። እየዋለ እያደረ ቢጫዎቹ ቢጫ ሆኑ። ሰማያዊዎቹ ድንጋይ ለድንጋይ መባረር ጀመሩ። አንድ ቀን ከድንጋዩ ሥር ትንሽዬ ዓሣ ብቅ አለች፤ ጎኗ ላይ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች አሉ። የሻምበል ልጅ! ለብቻዬ ቤቴ ውስጥ እልል አልኩ።

ዓሦቹ በባልዲ፣ መስታወቱ በጋሪ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሐጂና ጋሽ ታደሰ በዚህኛው ጊዜ በጠራራ ፀሐይ ሄዱ፤ ጋሽ ታደሰ "ይቀመጡ" እንዳይሉ አስምለናቸዋል። ኦቦ ገመቹ ትንሿን ዓሣ በታከመው ዓይናቸው እስኪጠግቡ አዩና አጠገባቸው አስጠሩኝ።

"ስማ ጉርባ። ሃዊም እዚሁ ውሃ ላይ ነው ያደገችው" አሉኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝግ ባለ ድምፅ። "እሰጥሃለሁ። ሎሚ የምትጨምቅባት ከሆነ ግን ከአሁኑ ንገረኝ።"

ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ያቺ "እናያለን" ያለችኝ ቀን፣ አፏን ገጠም ያደረገችበት ቀን፣ ፊቴ ላይ ድቅን አለችብኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሃዊ እኔ ፊት ስትስቅ አፏን በእጇ እንደምትሸፍን ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ሎሚ የጨመቅሁት ዓሦቹ ላይ ብቻ አልነበረም ለካ!

ልሄድ ስወጣ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

"እና" አለችኝ አፏን በእጇ ሸፈን አድርጋ፣ "አዲስ አበባ የጥርስ ሐኪም ጋ የምንሄደው መቼ ነው?"

"የምን ጥርስ?" አልኳት።

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ እጇን ከአፏ አንስታ ሳቀች፤ ሰፈሩ አየ።